ቋጠሮ ያለበት ሽቦ

አላምንም የሚል ካለ አሁኑኑ ይነሳና ቦምቤ ይሂድ። የቡሽራን ሱቅ ብሎ ቢጠይቅ ሕፃን ልጅ ያሳየዋል። ቡሽራ የአጎቴ ልጅ ነው። ውሸት አይሆንለትም፤ ገና አፉን ሲከፍት ጆሮው ይቀላል።

ይሄን ሲነግረኝ ዓይኔን ከጆሮው ላይ አልነቀልኩም።

አልቀላም...

ሐምሌ 2002 ዓ.ም. ነው። እሁድ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። ሌሊት አይደለም፣ ጨለማ አይደለም። ዝናብ ይዘንባል እንጂ ቀን ነው።

ስለ ቡሽራ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ተጠራጣሪ ነው። "እንዴት አደርክ?" ብትሉት "ምን ፈልገህ ነው?" የሚል ሰው ነው። ሞተር ሳይክሉን እንኳ ሰው ሰርቆ እንዳይነዳበት፣ በተነሳና ባቆመ ቁጥር የሄደበትን ኪሎ ሜትር ያያል። እኛ እንስቅበታለን።

ያን ቀን የእህቱ የዙህራ ባል ሱሀይብ ደወለለት። 

"ቡሽራ... ድረስልን። ዙህራ ወልዳለች፤ ደሟ ግን አልቆም አለ። ዱቦ ሆስፒታል ነን።"

"ምን ላምጣ?"

"ራስህን። ደም ይፈልጋሉ። የኔ አልሆነም... ያንተ ይሆናል።"

ቡሽራና ዙህራ እናታቸው ከሞተች በኋላ ከአንድ ሳህን እየበሉ ያደጉ ናቸው። ከሷ ሌላ ማንም የለውም። ሱቁን ክፍቱን ጥሎ ሞተሩ ላይ ወጣ። ክፍቱን! ቡሽራ! ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ?

መንገዱ በክረምት ጭቃና ድንጋይ ነው። ግማሽ ሰዓት እንደሄደ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ሞተሩ ዘለለ። የባትሪው ማሰሪያ ጎማ ተበጠሰ። ባትሪው ወጥቶ ወደቀ፣ ሁለቱም ሽቦዎች ተነቀሉ። ሞተሩ ጠፋ። ያለ ባትሪ ደግሞ የማይነሳ ዓይነት ነው።

ቀላል ነው ብሎ ተንበረከከ። መልሶ ማሰር ነው።

ግን ሁለቱም ሽቦዎች ቀይ ናቸው...

መካኒኩ አንጁሎ ባለፈው ሽቦዎቹን ሲቀይር ቡሽራ ሱቅ ውስጥ የቀረው ቀይ ብቻ ነበር። አንጁሎ እንዳይምታታበት ብሎ ኔጋቲቩን ቋጠረው። ለቡሽራ አልነገረውም። ቡሽራ ደግሞ በሱቁ ሙሉውን ጆንያ የሚለየው ክር ቋጥሮበት ነው። ቋጠሮ ያለው ሙሉ፣ የሌለው ጎዶሎ። ነጋዴ ነዋ! ቋጠሮ ያለበትን ሽቦ ፕላሱ ላይ አሰረው።

ጧ!

ትንሽ ብልጭታ። የተቃጠለ ሽታ። ከዚያ ዝም።

"ያ አላህ..."

ሽቦዎቹን ቶሎ አገላብጦ አሰረ። ቁልፉን አዞረ፤ መብራት የለም። ክላክሱን ተጫነ፤ ድምፅ የለም። ረገጠው... ረገጠው... እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቶ በሸሚዙ ጠርጎ መለሰ። ማርሽ አስገብቶ ቁልቁለቱን ገፋው። ምንም።

መኪና የለም፣ ሰው የለም። ስልኩም ኔትወርክ የለውም። ዙህራ ደሟ እየፈሰሰ ነው። ቡሽራ ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አላፈረም፤ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ።

"ፊውዙ ነው።"

ዘወር አለ።

አንድ ሰው መንገድ ዳር እንሰት ስር ቆሟል። የእንሰት ቅጠል እንደ ጃንጥላ ይዟል። ከፊቱ የሚታየው አገጩ ብቻ ነው።

ዝናቡ ይወርዳል... ቅጠሉ ግን ደረቅ ነው። በዙሪያው ያለው ጭቃ ላይም አንድ ዱካ የለም።

ሌባ ነው፣ አለ ቡሽራ በሆዱ። ላግዝህ ብለው ሞተር ይዘው የሚበሩ አሉ። ቁልፉን ነቅሎ ጨበጠ።

"ማን ነህ?"

"ጩማ ነኝ። እዚህ ነኝ። የግራውን ሽፋን ክፈት።"

"ሞተር ታውቃለህ?"

"ይሄንን አውቃለሁ።"

ይሄንን? ሞተሩን ከነካርቶኑ ነው የገዛው። ከሱና ከአንጁሎ በቀር የነካው የለም። ቡሽራ ዓይኑን ከሰውዬው ሳይነቅል ጎንበስ አለና ሽፋኑን ሊከፍት እጁን ሰደደ።

ወዲያው እጁን መለሰ። የጭስ መውጫው ማርሚታ አቃጠለው።

ሞተሩ እስካሁን ጠፍቶ ዝናብ ላይ ቆሟል። ቢያንስ ሃያ ደቂቃ። እንዴት ይሞቃል?

ሰዓት ለማየት ስልኩን አወጣ።

አሥር ሰዓት ይላል።

አሥር ሰዓት! ሞተሩ የጠፋው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ምን ሲሠራ ቆየ?  ኪሎ ሜትሩን አየ። ሞተሩ ሲጠፋ ካየው ቁጥር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

"ሞተሬን ነድተኸዋል?" አለ በሹክሹክታ።

"እኔ? እኔ አልነዳሁም።"

"ታዲያ ማነው?"

 ሰውዬው ቅጠሉን ትንሽ ዝቅ አደረገው።

"ፊውዙን አውጣ።"

ቡሽራ መሸሽ ፈለገ። በእግሩ ቢሮጥ ግን ሲመሽ ነው የሚደርሰው። ዙህራ ደግሞ እስከዚያ አትቆይም። "ቢስሚላህ" ብሎ ሽፋኑን ከፈተ። የፊውዙ መስታወት ጠቁሯል፤ ውስጡ ያለችው ቀጭን ክር ቀልጣለች። ኪሱ ውስጥ ከነበረው የሲጋራ ፓኮ ብርማውን ወረቀት ቀደደና ፊውዙ ላይ ጠቅልሎ መለሰው። 

ቁልፉን አዞረ። አረንጓዴው መብራት በራ።

"እህትህ ደህና ነው" አለ ሰውዬው።

የኛ አካባቢ ሰው አማርኛ ሲናገር ሴትና ወንድ ብዙ አይመርጥም፤ እሱ አያስገርምም። ግን ቡሽራ እህቴ የሚል ቃል ከአፉ አላወጣም።

"ማን ነገረህ?"

"አትቸኩል..."

"ማን ነገረህ ነው የምልህ!"

"ደርሰሃል እኮ።"

ቡሽራ አንዴ ረገጠው። ተነሳ። ጭቃውን እየረጨ ፈተለከ። ትንሽ እንደራቀ በመስታወቱ አየ። ሰውዬው መንገዱ መሃል ወጥቶ እጁን ያውለበልባል። ለቡሽራ አይደለም። ጀርባውን ሰጥቶ፣ ከቦምቤ በኩል ለሚመጣ ሰው ነው የሚያውለበልበው።

መንገዱ ግን ባዶ ነበር...

እስከ ዱቦ ድረስ በልቡ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው። ሞታለች። ደርሰሃል ያለኝ ለለቅሶዋ ነው። ያ አላህ፣ እሷን አትውሰድብኝ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሞተሩን ጣለና ሮጠ። ኮሪደሩ ላይ ሲስተር ፈጠነች የምትባል ነርስ አገኘችው። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"አንተ ሰውዬ! ተኛ አላልኩህም?"

"እ?"

"ደም የሰጠ ሰው ዝናብ ላይ ይሮጣል? ብትወድቅስ?"

"ሲስተር... አሁን መድረሴ ነው። ደም ልሰጥ ነው የመጣሁት።"

ሳቀች። ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋን ተወች።

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ ራሴ ነኝ የወሰድኩልህ። እህትህ በሱ ነው የተረፈችው።"

ሱሀይብ ከክፍሉ ወጥቶ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። "አላህ ውለታህን ይክፈልህ! የት ጠፋህ? ሳትነግረኝ ወጣህ።"

 ቡሽራ ገፋ አድርጎት ገባ።

ዙህራ ነጥታለች፤ ግን ዓይኗ ተከፍቷል። ሕፃኗ ጎኗ ተኝታለች። ቡሽራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ...

ዙህራ እጁን ያዘችና ደነገጠች። ጠጋ እንዲል በዓይኗ ጠራችው።

"አሁን እጅህ ይሞቃል" አለች በሹክሹክታ።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ቅድም አንተ ነበርክ?"

"የቱ ቅድም?"

"እዚያ አልጋ ላይ ደም ሲወስዱልህ። ስጠራህ መልስ አልሰጠኸኝም። ዝም ብለህ ታየኝ ነበር... ዓይንህን ሳትጨፍን።"

ቡሽራ ቀስ ብሎ ተነሳ። የረጠበውን ጃኬት አወለቀ። የሸሚዙን የግራ እጅጌ ቀስ አድርጎ ጠቀለለ።

ክንዱ መታጠፊያ ላይ ጥጥ በፕላስተር ተለጥፏል።

ጥጡ መሃል ላይ ያለው ደም ገና እየሰፋ ነበር።