ጠፍታ የምትግለው መኪና

ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ አልከራከርም። ለመከራከርም አቅም የለኝም። በዓይኔ ያየሁትን፣ በእጄ የዳሰስኩትን ነው የምጽፍላችሁ።

ቀኑ ማክሰኞ ነው። ከቀኑ አስር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል። የጋራዣችን ቆርቆሮ በፀሐይ ይንጣጣል።

መኪና ስጠግን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት በኤሌክትሪክ መኪና ላይ። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ባትሪ አውርጄ ሰቅያለሁ። ወገቤ የኔ አልነበረም።

አንዲት ሴት ነጭ መኪና እየነዳች ገባች። ነርስ ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ከላይ ሹራብ ደርባለች። የዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል።

«ወንድሜ፣ መኪናዬ ትግላለች» አለችኝ።

«ስትነጂያት?»

«ስነዳትማ ደህና ናት...»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቆማ ነው የምትግለው። ጠፍታ። በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ። ሰዓቱን ጠብቄ ነው ያመጣኋት።»

የሥራ ባልደረባዬ ሳቀ። ቶሎ ስለሚናደድ «ፊውዝ» ነው የምንለው።

«እህቴ፣ አንቺ ሥራ በዝቶብሽ ነው እንጂ፣ የጠፋች መኪና ከየት አምጥታ ትግላለች?»

እሷ አልሳቀችም።

«ትናንት ከሥሯ እንፋሎት ወጣ። የማቆማት ልጆቼ ከሚተኙበት ክፍል ሥር ነው።»

ፊውዝ ሳቁን ዋጠው።

መኪናዋን አጠፋሁ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። የምርመራ ማሽኑን ሰካሁና ጠበቅን።

አስር ሰዓት ሲሆን... ባትሪው መሞቅ ጀመረ።

ሠላሳ አራት ዲግሪ... ሠላሳ ዘጠኝ... አርባ አራት...

ማቀዝቀዣ ውሃው ሙሉ ነው። ራዲያተሩ ንጹሕ ነው። ፓምፑም ይሠራል። ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ዳሰስኩ። አንዱ እጄን ለበለበኝ።

ከተሳፋሪዎች ማሞቂያ የሚመጣው ቧንቧ ነው። የማሞቂያውን ውሃ ከባትሪው የሚለየው ቫልቭ ተጣብቆ፣ ፍል ውሃው በቀጥታ ወደ ባትሪው ማቀዝቀዣ ይገባል።

እፎይ አልኩ። ይሄ የማውቀው በሽታ ነው።

በርቶ የተረሳ የመሰለኝን ማሞቂያ አጥፍቼ ቫልቩን ቀየርኩ። ውሃውን ሞልቼ፣ አየሩን አስወጥቼ፣ ላቤን ጠረግኩ።

«አለቀ» ልላት አፌን ስከፍት...

ሹ... የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ማሞቂያው በራሱ ተመልሶ በርቷል።

በመስኮቱ እጄን አስገባሁ። የሹፌሩ በኩል ዝም ብሏል። የሚነፍሰው ከሹፌሩ አጠገብ ባለው ወንበር በኩል ብቻ ነው።

«ቁልፉ የት ነው?» አለ ፊውዝ በሹክሹክታ።

«ኪሴ ውስጥ።»

መኪናዋ የመዘገበችውን ከፈትኩ። ትእዛዙ የሚመጣው ከስልክ ነው። ሁለት ስልኮች ተመዝግበዋል። አንደኛው የነርሷ ነው፤ እጇ ላይ ይዛዋለች።

«ሁለተኛው የማን ነው?»

«የባለቤቴ።»

«በይ ደውይለትና ያጥፋው።»

ስልኳን ዝቅ አደረገች።

«ከሞተ አራት ወሩ ነው።»

ፊውዝ የያዘው መፍቻ ከእጁ ወደቀ።

«ስልኩስ?» አልኳት።

«የለበሰው ኮት ኪስ ውስጥ ነበር... ሳናይ አብሮት ተቀበረ።»

ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኋትም። እሷ ግን ቀጠለች፤ ለኔ የምትናገር አትመስልም ነበር።

«ሕክምናው አስር ሰዓት ላይ ነበር። እኔ ነኝ የማመላልሰው። ብርድ አይችልም። ከአልጋው ሳይነሳ በስልኩ መኪናዋን ያሞቃት ነበር።»

«ሰው አግኝቶት ይሆናል» አልኩ። ይህን ያልኩት ራሴን ለማጽናናት ነው፤ መቃብር ውስጥ አራት ወር ሙሉ ማን ቻርጅ ያደርገዋል?

«ከዝርዝሩ ልሰርዘው?»

ወንበሩን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ደክሞኛል» አለች። «ሰርዘው።»

ሰረዝኩት።

ማሞቂያው ቀጥ አለ። ባትሪው መቀዝቀዝ ጀመረ። ሠላሳ ስምንት... ሠላሳ ሦስት...

«እሰይ!» አለ ፊውዝ።

ሃያ ስድስት...

ግቢው ውስጥ ሠላሳ ዲግሪ ነው። ባትሪ ከቆመበት አየር በታች በራሱ አይቀዘቅዝም።

አስራ ሰባት...

«ማሽኑ ተበላሽቷል» አልኩ።

ዘጠኝ...

አራት...

በሩን ነካሁት። እጄን መንጭቄ አነሳሁ። በዚያ ፀሐይ መሃል በሩ በረዶ ሆኗል።

ነርሷ የሹፌሩን በር ከፍታ ገባች። ስትተነፍስ ትንፋሿ ነጭ ሆኖ ወጣ።

«እህቴ፣ ውጪ! መኪናዋ ዛሬ እዚህ ትደር!»

አልሰማችኝም። ወደ አጠገቧ ወንበር ዞራለች።

«በረደህ አይደል?» ስትል ሰማኋት። «እኔ ነኝ ያሰረዝኩህ... ይቅር በለኝ።»

ፊውዝ ክንዴን ጨበጠኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ መኪናዋ ጋለች ብላ ደውላ አታውቅም። እኔም ደውዬ አልጠየቅኋትም።

ያን ጊዜ ግን፣ መኪናዋ ውስጥ እንዳለች፣ ሹራቧን ቀስ ብላ አወለቀች። ባዶው ወንበር ላይ ጣል አደረገችው።

ሹራቡ ግን ወንበሩን አልነካም። የተቀመጠ ሰው ጉልበት ላይ እንደተጣለ፣ ከፍ ብሎ ቆመ።

ቁልፉ ገና ኪሴ ውስጥ ነው፤ መኪናዋን በስልኳ አስነሳች። ከግቢው ስትወጣ በመስኮቱ አየሁ...

የሹራቡ ጫፍ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሳባል... ከጉልበት ወደ ደረት... ከደረት እስከ አንገት።