ብርሃን ያልነካው ፊልም

ሲ ጠይብ የተገኙት ከእንግዳ ማረፊያው ሰገነት ሥር ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ፣ በጀርባቸው ወድቀው፣ ሞተው ነው። የጃኬታቸው ቁልፍ እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። መነጽራቸው ከነቤቱ በደረት ኪሳቸው ነበር፤ መስታወቱ አልተሰነጠቀም።

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ የተራራዋ ከተማ የሻወን ሴቶች ግድግዳቸውን ሰማያዊ ኖራ የሚቀቡበት ሰሞን። ሲ ጠይብ፣ በአገሩ አጠራር አቶ ጠይብ፣ በየዓመቱ በዚህ ወቅት ከቴቱዋን እየመጡ፣ ለእረፍት ለሚመጡ ሰዎች ፎቶ ማንሳትና የጉዞ ማስታወሻ መያዝ ያስተምሩ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተር በቱል ስትደርስ የማረፊያው ባለቤት ላርቢ በካቴና ታስሮ ጠበቃት። ሠፈሩ በሙሉ ሲ ጠይብን «ከሰገነት ነው የምወረውርህ!» ሲል ሰምቶታል። ወደ ቴቱዋን የምትወስደው የፖሊስ መኪና ሽቅብ ልትመጣ ተጠርታለች።

«ጠቡ ምን ነበር?» አለች በቱል።

«ይህ ሰማያዊ በር ነዋ፣ እመቤቴ! እንግዳው ሁሉ እሱን ሊያነሳ ይሰለፋል፤ ቤቴ የሚኖረው በእሱ ነው። ያ ሰውዬ ተማሪዎቹን ሰብስቦ፣ ‹ይህን በር ዓለም ሁሉ አንስቶታል፤ እናንተ የጎረቤቱን ፈልጉ› ይላል። እኔው ቤት ተኝቶ! የእኔን ሻይ እየጠጣ!»

«ታዲያ ወረወርከው?»

«ብወረውረው ኖሮ መጀመሪያ የሻዩን ብርጭቆ ከእጁ እቀበል ነበር።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ያለ ጠይብ ይህ ቤት ምን ቤት ነው?»

ሁለተኛው ሰው ዶክተር ኖፈል፣ ከካዛብላንካ ለእረፍት የመጡ የጥርስ ሐኪም፣ ገበያ ተቀምጠው ማስታወሻ ሲጽፉ እንደዋሉ ተናገሩ።

«‹በጣም የሚያምር ገበያ› ብዬ ብጽፍ ሲ ጠይብ ሰረዙብኝ። ‹ያማረው ምኑ ነው? መጀመሪያ የሰማኸውን ጻፍ፤ ቀጥሎ ያሸተትከውን። ያየኸው ይቆይህ፣ ዓይን ችኩል ነው› አሉኝ።»

«ፎቶውስ?»

«ከመጀመሪያው ትምህርት አላለፍኩም። ‹ሰውን ወደ ኋላ ሂድ ከማለትህ በፊት፣ ራስህ ሄደህ ከኋላው ያለውን እይ።› ሚስቴን ፏፏቴ ውስጥ ልከታት ምንም አልቀረኝም ነበር። እኔንም ሲያነሱኝ መነጽሬን አስወለቁኝ፤ ብርሃን ይመልሳል ብለው።»

በቱል እጇን ኪሷ ውስጥ ወዳለው የሟቹ መነጽር ሰደደች።

ሦስተኛዋ የሟቹ ብቸኛ ልጅ ጊዝላን ናት። በጠዋቱ ብርድ ስስ ልብስ ለብሳ ተቀምጣለች። ጥቁር ካፖርቷ ታጥቦ ገመድ ላይ ይንጠባጠባል።

«ትናንት የት ነበርሽ፣ ልጄ?»

«ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ምንጩ ዳር። ብቻዬን።»

«የአባትሽ ካሜራስ?»

«ክፍሉ ውስጥ፣ ቦርሳው ውስጥ ነው። ፊልም የሚጎርስ አሮጌ ካሜራ ነው፤ ከእናቴ በፊት የነበረ። ‹የማይሰረዝ ሲሆን ሰው ከማንሳቱ በፊት ያስባል› ይል ነበር።»

በቱል ወደ ሰገነቱ ወጣች። በአንድ ወገን አዲስ የተቀባ ግድግዳ ቆሟል፤ በትይዩው ከጉልበት የማያልፍ ጠርዝ፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ አየር። ግድግዳውን የቀቡት አሮጊት፣ ሠፈሩ ሁሉ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ የሚላቸው ራህማ፣ ከባልዲያቸው አጠገብ ቆመው ነበር።

«ከዐስር ሶላት በኋላ ስጨርስ ጠይብ ወጣ፤ ካሜራው አንገቱ ላይ ነበር። ‹እርጥብ ነው፣ እንዳትነካብኝ› አልኩት። ‹ለአንቺ ግድግዳ ስል አየር ላይ እቆማለሁ፣ ኻልቲ› ብሎ ሳቀብኝ።» አሮጊቷ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

በቱል ጎንበስ ብላ ግድግዳውን አየች። ጠባብ ትከሻ ያረፈበት አንድ ቦታ ኖራው ተፍቋል። ልጅ ሳለች ከእናቷ ጋር በየዓመቱ ቀብታለች፤ የተፋቀው ኖራ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች።

ሁሉንም ሰገነቱ ላይ ሰበሰበቻቸው። መኪናዋ ከታች ቆማለች። ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ውስጡ ያለው ፊልም ለምርመራው አይጠቅመኝም» አለች በረጋ ድምፅ። «አውጥቼው ካሜራውን ለቤተሰቡ ልመልስ።» አውራ ጣቷን የጀርባው መክፈቻ ላይ አሳረፈች።

ዶክተሩ ምንም አልገባቸውም። ላርቢ ወለሉን ያያል።

«አይከፈት!» ጊዝላን ተወርውራ ካሜራውን በሁለት እጇ ሸፈነችው። «ብርሃን ያጠፋዋል! ፊቱ አለበት!»

በቱል ጣቷን አነሳች።

«የፎቶ አንሺ ልጅ ስለሆንሽ ለማንም ፊልም ትጮኺ ነበር። ግን ካሜራ የያዘ ሰው ፊቱ ፊልሙ ላይ አይኖርም። አባትሽ ካሜራውን ይዘው ወጡ። ፊታቸው እንዳለበት በምን አወቅሽ?»

በቱል መነጽሩን ከኪሷ አውጥታ ካሜራው አጠገብ አኖረችው።

«አባትሽ ያለ መነጽር አጠገባቸውን አያዩም፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መነጽሩ ግን ኪሳቸው ነበር፤ ቁልፋቸውም እስከ አንገት ተቆልፏል። ለጠብ እንዲህ የሚሰናዳ የለም፤ ለፎቶ እንጂ። ስለዚህ ካሜራውን ለሌላ ሰው ሰጥተዋል፤ ያም ሰው ወደ ክፍላቸው መልሶታል። ፎቶ አንሺው ምስሉ አልገጥም ሲለው ወደ ኋላ ሸሸ፣ ሸሸ፣ ግድግዳው ያዘው። ላርቢ ቢደገፍ ምልክቱ ከራሴ በላይ በሆነ ነበር፤ ዶክተር ቢደገፉ ግድግዳው በሙሉ በተፋቀ ነበር።»

«እንግዲህ ሆዴ ጠቀመኝ» አሉ ዶክተሩ በሹክሹክታ፤ ወዲያው አፈሩ።

«እርጥብ ኖራ ጥቁር ልብስ ላይ ብዙም አይታይም። ሲደርቅ ነው የሚነጣው። ካፖርትሽን ያጠብሽው ለዚያ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ፊልሙንም አውጥቶ ባጠፋው ነበር። አንቺ አልቻልሽም።»

ጊዝላን መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ራሱ ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር። ትናንት ብቻ እሺ አለኝ። እኔ የምሸሽበት አልነበረኝም፤ ብርሃኑ ደግሞ ግንባሩ ላይ ቆሞ ቀረ፣ ወደ ዓይኑ አልወረደም። ያንን ትምህርት ማንበብ ከመልመዴ በፊት ነው የማውቀው፤ ሄደሽ ከኋላው ያለውን እይ። አላየሁም። ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት? ላርቢን ግን… ከመውሰዳቸው በፊት ልናገር ነበር።»

«መኪናዋ ከመጣች ቆየች» አለች በቱል።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። በቱል የላርቢን ካቴና ፈታች። ላርቢ እጁን ሳያሻሽ ከጊዝላን አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«እኔ በመጨረሻ ለእሱ ያልኩት ስድብ ነው» አላት። «አንቺ ምን ነበር ያልሽው?»

«‹አባባ› ነው ያልኩት።»

«እንግዲያ አባባ ሲባል ሰምቶ ሄዷል።»

በቱል ፊልሙ በጨለማ ክፍል እንዲታጠብ፣ የመጀመሪያው ቅጂም ለእናቲቱ እንዲደርስ አዘዘች። ከዚያ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ለጊዝላን ሰጠች። «ቃልሽን ጻፊ።»

ጊዝላን እስክሪብቶውን ተቀበለች። «በምን ልጀምር?»

ዶክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መጀመሪያ… የሰማሽውን» አሉ። «ያየሽው ይቆይሽ።»

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አደላድላ ጻፈች።

«‹አባባ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ› የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁ የእኔ ነበር።»