በወስብሐት ያለቀው ዜና

«…ስለዚህ መጸዳጃ ቤቱን የተጠቀመ ተማሪ ሁሉ ውኃ ይድፋበት። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።»

የጠዋቱ የተማሪዎች ሰልፍም ቤተ ክርስቲያን እንደለመደው በአንድ አፍ፣ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን!» ብሎ መለሰ። ዘበኛው እንኳ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሳቁ የፈነዳው ከዚያ በኋላ ነው።

ዜና አንባቢው ባንተአምላክ በቆመበት ደረቀ። ቡሬ አጠገብ ካለ ቅኔ ቤት ወደ ፍኖተ ሰላም የመጣ ዲያቆን ነው፤ ስለ መጸዳጃ ቤት ሲያነብ እንኳ ሰው አንገቱን ይደፋለታል።

የሚኒ ሚዲያ ክበቡ መሪ ሜላት አልሳቀችም። ዳይሬክተሩ አቶ ክንዱ ወደ እሷ እየመጡ ነበር።

«ትምህርት ቤት ነው ቤተ ክርስቲያን? ከዛሬ ጀምሮ ይኸ ልጅ ማይክ አይነካም። ለነገ ሌላ አንባቢ ፈልጊ።»

«ቲቸር፣ አምልጦት እኮ ነው…»

«እነ ዘምዘም ቅር ይላቸዋል። አልችልም ካልሽ ክበቡን የሚመራ አይጠፋም።»

«እነ ዘምዘም» የተባለችው አንዲት ልጅ ናት፤ የክፍላቸው ብቸኛ ሙስሊም። ቅር ማለቷን የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም። ሜላት በእረፍት ሰዓት ሄዳ ጠየቀቻት።

«ኧረ ባክሽ! ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። ስብከት በድምፅ ማጉያ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ከእናንተ ጋር ልመልስ ስል አፌን በሻሼ ያዝኩት» አለች ዘምዘም።

ተሳሳቁ። ዘምዘም ግን አልጨረሰችም።

«ዳይሬክተሩም ጨርሰው አልተሳሳቱም። ሕገ መንግሥቱ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። የትምህርት ቤት ማይክ አይሰብክም፣ ልክ ነው። ግን ሰው እምነቱን ይያዝ፣ ሐሳቡን ይናገር የሚለውም እዚያው ነው ያለው። አንድ ቃል አመለጠው ተብሎ አፉ ይለጎማል? አምና ሻሽሽን አውልቂ ስባል ማን ነበር የቆመልኝ?»

ሜላት አልረሳችውም። ያን ቀን ክፍሉ በሙሉ፣ እሷም ጭምር፣ ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ባንተአምላክ ብቻ ተነስቶ የአንገቱን ማተብ ያዘና፣ «የእሷ ሻሽ የሚወልቅ ከሆነ የእኔም ማተብ ይበጠሳ፤ መብቱ የሁላችን ነው ተብለን ነው የተማርነው» አለ። አውልቂ ያሏት መምህርም ወደ ፎቶሲንተሲስ ተመለሱ።

«እስካሁን አንድ ቀን ውለታ ብሎ አላነሳብኝም» አለች ዘምዘም።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ክንዱ ከሰንደቁ አጠገብ ይጠብቋት ነበር። ባንተአምላክ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል።

«አንባቢ አገኘሽ?»

ሜላት ማይኩን ይዛ ፊታቸው ቆመች። «ዘምዘምን ጠይቄያታለሁ ቲቸር፤ ቅር አላላትም። ባንቴም ከእንግዲህ ዜናውን በዜና ይጨርሳል፤ እኔ አጠገቡ እቆማለሁ። ሌላ አንባቢ አልፈለግሁም።»

«ክበቡስ?»

«ክበቡን ላሰቡት ሰው ይስጡት።»

ሜላት ማይኩን አበራችና ከሰልፉ መጨረሻ የቆመውን ልጅ በስሙ ጠራችው።