የደመናው ቀንድ ዋስ

የደመናው ቀንድ ከግምጃ ቤቱ በጠፋበት ማለዳ በኤልዞር ምድር ላይ ደም የመሰለች ፀሐይ ወጣች፤ ወንዞችም ወደ ምንጫቸው አፈገፈጉ። በተሰበረው በር ሥር የዘንዶው የሸንጎር ቅርፊት ወድቆ ተገኘ። ያ ቀንድ ካልተነፋ ዝናብ የሚባል ነገር የለም። ቀንዱን ነፍቶ ለየአውራጃው ዝናብ የሚያካፍለው በጅሮንዱ ነው። በጅሮንዱስ ማን ነበር? የገልሞው ልሳኑ!

ጉድ እኮ ነው የዚህ ሰው ነገር። የገልሞ አውራጃ ሕዝብ «ዝናባችንን አስመልስልን» ብሎ ቤተ መንግሥት የላከው፣ ጢሙ ገና ያላቀመቀመ እንደራሴ ነበር። በአደባባይ ቆሞ «ግርማዊ ሆይ፣ ገልሞ ሲደርቅ የእርስዎ አበባ ለምን ይለመልማል?» ሲል ሹማምንቱ ሁሉ ለአንገቱ ፈሩለት። ንጉሡ ግን ከት ብሎ ስቆ «እንግዲያው አንተው አካፍለን!» ብሎ ሾመው። በአገሩ ሕግ ተሿሚ ዋስ ይጠራል። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ስንዱ ከሕዝቡ መሃል ወጥታ «እኔ አለሁ! እሱ ላጎደለው በነፍሴ!» ብላ ማለች። ልሳኑም ለሁሉም እኩል አካፈለ። ገልሞዎች አኮረፉ፤ ለወገኑ ያልሆነ ሹም ምን ይረባል አሉ። ሰውን ማን ያስደስተዋል!

ቀንዱ ሲጠፋ ስንዱን በእግር ብረት አስረው ከግምጃ ቤቱ በር ላይ አስቀመጧት። የተዘራው ዘር ከመድረቁ በፊት ቀንዱ ካልተመለሰ ትሞታለች። ልሳኑ እግሯ ሥር ወደቀ።

«እትዬ፣ በእኔ የተነሳ...»

«ተነስ አንተ! አሁን የልቅሶ ጊዜ ነው? ሂድና አምጣው!»

አብሮት የተነሳው ባሻ ድፋባቸው የተባለ አንድ ዓይና ወታደር ብቻ ነበር። «ልጄ፣ ያለ አንተ ብመለስ ጎራዴዬ ይብላኝ» ብሎ ማለ። የአመድ በረሃን በእግራቸው አቋረጡ። ውኃው ሲመናመን ባሻ «ጠጥቻለሁ» እያለ ድርሻውን ለልሳኑ ይተውለት ነበር። አልጠጣም ነበር፣ ምስኪን።

ሸንጎር በተራራው ሆድ ውስጥ ቀንዱን ታቅፎ ተጠምጥሟል። ባሻ ጎራዴውን ሰነዘረ፤ ጎራዴው ተሰበረ፤ ዘንዶውም በጅራቱ ጠርጎ ከአለቱ ጋር አጋጨው። ባሻ ራሱን ስቶ ወደቀ።

«በብረት አልሞትም» አለ ዘንዶው። «ምግቤ የሰው መልካም ስም ነው። ስምህን ስጠኝና ቀንዱን ውሰድ። ከዚያ ወዲያ ግን ያየህ ሁሉ፣ ቀንዱን አሳልፈህ የሰጠኸኝ አንተ እንደሆንህ ያምናል። ብትምል የሚሰማህ የለም።»

«እህቴም?»

«ከሁሉ አስቀድማ እህትህ።»

ልሳኑ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ለመነ፤ ዘንዶው አልፈለገም። እህቱ እንደ ሌባ የምታየው ከሆነ በሕይወት ኖሮ ምን ሊሠራ ነው? ግን ብረቱ የላጠው ቁርጭምጭሚቷ ዓይኑ ላይ ድቅን አለ።

«ውሰደው!» አለ።

ዘንዶው ስሙን ዋጠው። እንዲህ ያለ ንጹሕ ስም በልቶ አያውቅምና ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረበት፤ ተንፈራግጦ ሞተ። ስሙም ከጉሮሮው አልወጣም፤ ለልሳኑም አልተመለሰለትም።

ባሻ ነቃ። ልሳኑ ቀንዱን ይዞ በደስታ ሊያቅፈው ሮጠ። ባሻ ግን በእጁ የያዘውን ቀንድ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ለካስ አንተው ነህ! እኔ ሞኙ ውኃዬን ለሌባ!»

በገዛ መታጠቂያው የፊጥኝ አስሮ እየነዳ ወሰደው። መሐላውን ጠበቀ፤ ያለ ልሳኑ አልተመለሰም።

ንጉሡ ቀንዱን ራሱ ነፋ። ዝናቡ ወረደ! ሕዝቡ እልል እያለ ልሳኑን በጭቃ ወገረው። ብረቱ ከስንዱ እግር ወልቆ በእሱ እግር ገባ።

«ያሳደግሁህ እጄ ይሰበር!» ብላ ስንዱ ፊቱ ላይ ተፋችበት።

ልሳኑ ቀና ብሎ አያት። «እትዬ፣ እግርሽን ያምሻል?»

ጀርባዋን ሰጠችው። በዝናቡ መሃል እያነከሰች የገልሞን መንገድ ጀመረች። ከዓይኑ እስክትሰወር በዓይኑ ሸኛት። ማነከሷ እየቀነሰ ሄደ።