በአባታችን ጊዜ ያልነበረ

አቶ ሸዋንዳኝ በገዛ ሳሎናቸው ወለል ላይ ሞተው የተገኙት በኅዳር ሚካኤል ማግስት ማለዳ ነው። ያገኛቸው አናጺው ፍሬው ነበር። ጮኸ፣ ሮጠ፣ ለፖሊስ አመለከተ። ፖሊስም ለውለታው እሱኑ አሰረው።

ምክንያት አልጠፋም። መሰላሉ የፍሬው ነው፤ ከአስከሬኑ አጠገብ አንድ እግሩ ተሰንጥቆ ተጋድሟል። በሚካኤል ዋዜማም ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። ለትንሿ ቀየት ከተማ ፖሊስ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ፍሬው በተበላሸ መሰላል ሰው ገደለ ተብሎ ወደ ደብረ ብርሃን ሊላክ ነው። ወሯ የገባ እርጉዝ ሚስቱ እየሩስ ከጣቢያው በር አልነሣም ብላ ብርዱ ላይ ተቀምጣለች።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሰብለወንጌል ከዞን የደረሰችው ቀብሩ ከተፈጸመ በኋላ ነው። አጭር ናት፤ ጥያቄዋም እንደ ቁመቷ አጭር ነው። ያያት ሁሉ «ይቺ ናት እንዴ?» ብሎ ናቃት። ይናቃት እንጂ፣ ምን ቸገራት!

የታሸገውን ቤት ሳጅን አወቀ ከፈተላት። የሟቹ አባት ባላምባራስ ወዳጆ ያሠሩት የድንጋይ ቤት ነው። ሳሎኑን ዙሪያውን፣ ከጣሪያው ዝቅ ብሎ፣ የጽድ እንጨት ጠርዝ ያቅፈዋል፤ የቤተሰቡ ፎቶዎች በማንጠልጠያ የሚሰቀሉት ከዚያ ላይ ነው። እንጨቱ ለብዙ ዘመን በቀለም ላይ ቀለም ሲለቀለቅበት ኖሯል። ጡረተኛው መምህር ሸዋንዳኝ ግን «ልክ እንደ አባቴ ጊዜ አደርገዋለሁ» ብለው ተነሡ። ፍሬው ቀለሙን ፋቀ፣ የበሰበሰውን በአዲስ ጽድ ተካ፣ የተልባ ዘይት ቀባው። ያምር ነበር፤ ማማሩን መካድ አይቻልም።

ሰብለወንጌል ወንበር ላይ ወጥታ ጠርዙን አየችው።

«ይኼ ዘይት መቼ ተቀባ?»

«በሚካኤል ዋዜማ። አሁንም እጅ ይይዛል» አለ አወቀ።

ዘይቱ ላይ የአራት ጣት ፋቅታ ነበር። ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ረጅም መንገድ ሄዷል። ጥቂት ራቅ ብሎ በባላምባራስና በሚስታቸው ፎቶ መካከል አንዲት ማንጠልጠያ ባዶዋን ተንጠልጥላለች።

«እዚህ ምን ነበር?»

«የሟቹ ፎቶ መሰለኝ። ልጃቸው አስቻለው ለለቅሶ ላውጣው ብሎ ለምኖኝ ነበር። የታሸገ ቤት አይከፈትም አልኩት።»

«ሬሳው ሲገኝ ፎቶው ከቦታው ነበር?»

«እኔ እንጃ! ሬሳ ተጋድሞ ፎቶ ማን ያያል?»

«ፍሬው ከጮኸ በኋላ ማን ገባ?»

«እኔና የጤና መኮንኑ ብቻ። በሩን ያሸግሁት በእጄ ነው።»

ዕቃ ቤቱ ውስጥ የኖራ ጆንያዎች ተደርድረዋል። ወለሉ በኖራ ብናኝ ነጥቷል፤ ከጆንያዎቹ ኋላ ግን አንድ ነገር ቆሞበት የነበረ፣ ብናኝ ያልነካው ቀጭን መስመር ታየ። ሰብለወንጌል ጎንበስ ብላ አየችውና ወጣች።

ጣቢያ ሄዳ ፍሬውን አስጠራችው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ከሟቹ ጋር በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«በምስክር ፎቶ። የእኅታቸው የእትዬ ዘነቡ ልጅ ነው፤ ጦርነት ላይ ቀረ። አውርደው አሉኝ። ኧረ ጋሼ፣ ይተዉት ብዬ ለመንኳቸው። ‹በአባታችን ጊዜ ያልነበረ እዚህ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም› አሉ። ምን ላድርግ? አውርጄ፣ ማንጠልጠያውንም አንሥቼ፣ ከኖራው ኋላ አቆምኩት።»

«የእሳቸውስ ፎቶ?»

«እሱማ በባላምባራስ ጊዜ የተሰቀለ ነው፤ መምህር ሆነው የተመረቁ ዕለት የተነሡት። ዘይቱን ቀብቼ፣ ከአባትና ከእናታቸው መካከል መልሼ ሰቅዬው ወጣሁ። በነጋው ሚካኤል ነው፤ ሥራ አልነካም። እመቤቴን፣ መሰላሌ ደህና ነበር!»

«ስንጥቁን አይቼዋለሁ። ነጭ ነው፣ ትኩስ። ወድቆ ነው የተሰነጠቀው» አለችው። ፍሬው ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ።

በለቅሶው ድንኳን ወይዘሮ ዘነቡ የወንድማቸውን ፎቶ ታቅፈው እየተወዛወዙ ያለቅሳሉ። ድምፃቸው ተዘግቷል። አስቻለው ጥግ ላይ ስልኩን ይነካካል። የአባቱን ቤት አፍርሶ ፎቅ መሥራት እንደሚፈልግ ቀየት ሁሉ ያውቃል። ሰብለወንጌል አጠገቡ ተቀመጠች።

«የሚካኤል ዕለት የት ነበሩ?»

«ዘመሮ፣ ዝክር ተጠርቼ። እዚያው አደርኩ። ሰው ሁሉ አይቶኛል፤ ይጠይቁ።»

«ከአባትዎ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«ከእኔ ይልቅ ያን እንጨት ነበር የሚወዱት። ከአዲስ አበባ በመጣሁ ቁጥር ስለ ጠርዝ ያወሩኛል። ልጆቼን እንኳ ደህና ናቸው ወይ ብለውኝ አያውቁም።»

«ይኼን ፎቶ ማን አመጣው?»

«እንጃ። ስመጣ አክስቴ እጅ ላይ ነበር። አወቀ ለእሷ እሺ ብሏት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ሌላ ፎቶ እኮ የላቸውም፣ ከመታወቂያ በቀር።»

ሰብለወንጌል ወይዘሮ ዘነቡ ፊት በርከክ ብላ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» አለችና ከፎቶው ጀርባ የተንጠለጠለውን ገመድ በጣቷ ነካችው። ጣቷን አሸተተች። ሴትዮዋ ልብ አላሏትም።

በሠልስቱ፣ ፍትሐቱ እንዳበቃ፣ ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አስቻለውና ወይዘሮ ዘነቡ አሉ፤ መርዶውን የተናገሩት መሪጌታ አባይነህም አሉ። ፍሬው እጁን በካቴና ታስሮ ቆሟል፣ ሚስቱ ከጎኑ።

«ይህን ፋቅታ ተመልከቱት» አለች ወደ ጠርዙ እያመለከተች። «አቶ ሸዋንዳኝ የሚካኤል ዕለት መሰላል ላይ ወጥተው ፎቶ ሲያቃኑ ነበር። መሰላል ተሰብሮ ቢሆን ወደ ታች ይወርዱ ነበር። ጣታቸው ግን እርጥቡን እንጨት ይዞ ወደ ጎን ተጎተተ። መሰላሉን ሰው ገፍቶታል።»

«በሰማዕታት!» አሉ መሪጌታ።

«አሁን ይህቺን ማንጠልጠያ እዩ። ፍሬው በዋዜማው የሟቹን ፎቶ ሰቀለባት። ሞተው ሲገኙ ቤቱ ወዲያው ታሸገ። አስቻለው ፎቶውን ለምኖ ተከለከለ። ሳጅን፣ ለሌላ ሰው ሰጥተሃል?»

«በፍጹም!»

«እንግዲህ ፎቶው ቤቱ ከመታሸጉ በፊት ወጥቷል። ገመዱም የተልባ ዘይት ይሸታል፤ ከተቀባ በኋላ ነው የወጣው። መሪጌታ፣ እቤታቸው ሄደው መርዶ ሲናገሩ ወይዘሮ ዘነቡ ምን አደረጉ?»

መሪጌታ አባይነህ መልሱ ከአፋቸው ሳይወጣ ገባቸው። አንገታቸውን ደፉ።

«ምን ያደርጋሉ… ጮኹ። ጓዳ ገቡ። ከዚያ… ፎቶውን ታቅፈው ወጡ።»

አስቻለው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«እሱ ራሱ ነው የሰጠኝ» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ።

«እትዬ፣ እሳቸው ከአባታቸው ጊዜ የነበረን ነገር ከዚህ ግድግዳ ላይ ያወርዱ ነበር? የምስክርስ ፎቶ የት አለ? ከኖራው ኋላ ያለው ቦታ ባዶ ነው።»

ወይዘሮ ዘነቡ ከነጠላቸው ስር ሌላ ፎቶ አወጡ። የወታደር ልብስ የለበሰ ጎረምሳ ነው፤ ፍሬሙ ኖራ እንደ ነካው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ የወንድማቸውን ከላይ፣ የልጃቸውን ከስር ታቅፈው ነው ያለቀሱት። ለየትኛው የበለጠ እንዳለቀሱ እሳቸው ይወቁት።

«ከሚካኤል ስመለስ ልጄን ሰላም ልበለው ብዬ ጎራ አልኩ» አሉ። «አጣሁት። ብፈልገው ኖራ ውስጥ! ይዤው መጥቼ ‹ሸዋንዳኝ፣ ምነው?› አልኩት። መሰላል ላይ ሆኖ የአባታችንን ፎቶ ያቃናል። ዞሮ እንኳ አላየኝም። ‹በአባታችን ጊዜ አልነበረም› አለኝ። ልጄ ሬሳው አልመጣ፣ መቃብር የለው። የት ሄጄ ላልቅስለት? ገፋሁት።»

«ፎቶውንስ ለምን አወረዱት?»

ወይዘሮ ዘነቡ ጥያቄው የሞኝ ሆነባቸው።

«ወንድሜ አይደለም እንዴ? በነጋታው ድንኳን ይጣላል። ሰው መጥቶ ቤቱ ይቆለፋል። ያለ ፎቶ ይለቀስለት? የልጄን ለቅሶ በፎቶ ነው የተቀመጥኩት፤ እሱም ባይኖር ምን ይውጠኝ እንደ ነበር አውቀዋለሁ። ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩለት።»

አወቀ የፍሬውን ካቴና ፈታ። እየሩስ የባሏን እጅ ይዛ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ወይዘሮ ዘነቡ ወደ እሱ ዞሩና የምስክርን ፎቶ ዘረጉለት።

«ያወረድከው አንተ ነህ። አንተው ስቀልልኝ።»

ፍሬው አልተቀበለም።

«እትዬ፣ እኔን እየጎተቱ ሲወስዱኝ ደጅዎ ላይ ቆመው ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን። ሚስቴን በዚህ ሆዷ ብርድ ላይ ስትቀመጥ አይተዋል። አንድ ቃል አላሉም።»

«አላልኩም» አሉ። ይቅርታም አልጠየቁ። እጃቸው እንደ ተዘረጋ ቀረ።

ሰብለወንጌል ይዛቸው ወጣች። በሩ ላይ ሲደርሱ የሁለቱንም ፎቶ ወንበር ላይ አኖሩ። ከድንኳኑ ሴቶች አንዷም ተነሥታ አልሸኘቻቸውም።

ፍሬው ጥቂት ቆሞ የልጁን ፊት አየ። ኖራውን በእጅጌው ጠረገ፣ ወንበር ላይ ወጣ፣ ባዶዋ ማንጠልጠያ ላይ ገመዱን አስገባ።

«ምን ትደክማለህ?» አለው አስቻለው ከኋላው። «አርባው እንደወጣ ቤቱን አፈርሰዋለሁ።»

ፍሬው ፎቶውን ግራና ቀኝ አቃናው።

«እስከዚያው ይሰቀል» አለና ወረደ።