ያላለቀሰችው ፈራሚ

መርማሪዋ ሰባት ሰዓት ሲል ስትደርስ መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ ጠበቃት። በአንድ በኩል ለፈጣን አውቶቡስ መስመር የሚቆፍረው ማሽን ጥርሱን መሬት ላይ አሳርፎ ቆሟል፤ ከፊቱ ቢጫ ቆብ የደፉ አምስት ሠራተኞች ተጠጋግተዋል። በሌላው በኩል የሰፈሩ ሰው ነው። ማንም አይጮኽም፣ ማንም አያለቅስም። አብዛኛው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል፤ ከጎን ላየው ግን እጁ ውስጥ ድንጋይ አለ።

«እትዬን የገደላቸው የገዛ እህታቸው ልጅ ነው» አለ አንድ ሽማግሌ፣ ድምፁን ሳያነሳ ቢጫ ቆቦቹን በአገጩ እያመለከተ። «የእነዚያ ሰው ነው። እናንተ ትይዙታላችሁ ወይስ እኛው እንፈልገው?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይታገሡኝ፣ አባቴ።»

«ዘጠኝ ሰዓት እኮ ስብሰባው ነው።»

«ለዚያ ነው ያልኩት» አለችና ወደ ቅያሱ ታጠፈች።

ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ አንዴ ከገባች ክሩን ሳታሳልፍ አትወጣም ለማለት ነው።

ሟቿ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ። በዚህ ሰፈር «እትዬ» ከተባለ የትኛዋ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በአርባ ዓመት ሥራቸው ደጅ ላይ ከቆመው ሕዝብ ግማሹን በእጃቸው ተቀብለውታል። የአውቶቡሱ መስመር በጠባቡ መንገድ ካለፈ የቀኙ ረድፍ ቤት በሙሉ ይፈርሳል መባሉ ሲሰማ፣ ነዋሪው ኮሚቴ አቋቁሞ እሳቸውን ሰብሳቢ ያደረገውም ለዚሁ ነው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት በከተማው አዳራሽ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው የፈረመበትን አቤቱታ ይዘው ሊቆሙ ነበር። ፊርማው ከሺህ ካነሰ መስመሩ እንደገና አይጠናም ተብለዋል።

አሁን ግን ከአሥራ ሁለት ደረጃ የእንጨት መሰላል ሥር፣ ከበሩ ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ፣ ሰው በሕይወት ሳለ አንገቱን ሊያዞር በማይችልበት አቅጣጫ አዙረው ተኝተዋል። አንድ የቤት ጫማ እግራቸው ላይ ቀርቷል። ሌላው ደረጃው ላይ ነው።

መጀመሪያ ያገኛቸው የሚኒባስ ተራ አስከባሪው ነው፤ ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ሲያፏጭ ሁለት ፌርማታ ስለሚሰማ «ፉጨት» ይሉታል። 

«ስድስት ሰዓት ላይ ሰዉን ሰብስበን እንሂድ ልላቸው መጣሁ። በሩ ተዘግቷል እንጂ አልተቆለፈም። ገፋ ሳደርገው...»

«ወደ ላይ ወጣህ?»

«እንዴት ብዬ እወጣለሁ? እዚህ ድረስ ብቻ ነው የመጣሁት። ሮጬ ዶክተሩን ጠራሁ፤ መጥቶ የደም ሥራቸውን ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ።»

«ዶክተሩ» ያለው ከመንገዱ ማዶ ያለውን ፋርማሲስት፣ የኮሚቴውን ጸሐፊ ነው።

«ለመጨረሻ ጊዜ በሕይወት ያያቸው ማነው?»

«ሁላችንም። አምስት ሰዓት ላይ በመስኮት ብቅ ብለው ማሽን ነጂውን ‹ቧንቧውን እስክትጠግኑ ምን ልንጠጣ ነው?› ብለው ተቆጡት።»

ማሽኑ ቧንቧውን የበጠሰው አራት ሰዓት ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገዱም ቅያሱም ጥቁር ጭቃ ነው፤ የመርማሪዋ ጫማ እንኳ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠቁሯል። ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች። የፉጨት የስፖርት ጫማ አሻራ ከበሩ እስከ አስከሬኑ ይመጣል፣ ይመለሳል። የፋርማሲስቱ ለስላሳ ሶል ከጎኑ አለ። ከዚያ በላይ፣ አሥራ ሁለቱም ደረጃዎች ላይ፣ አንዲት የጭቃ ጠብታ የለችም። በበሩ ጥግ ባለው ምንጣፍ ላይ ግን ሁለት የጭቃ ቅርጾች ጎን ለጎን ደርቀዋል። አፍንጫቸው ወደ ግድግዳው የዞረ ነው። ቆሞ የረገጠ ሰው እንዲህ አይተውም፤ አውልቆ ያስቀመጠ እንጂ።

ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ በደረጃው ዳር ዳር ወጣች።

ላይኛው ቤት አንድ ሰፊ ክፍል ነው። የሳንቃው ወለል ገና ያልደረቀ ቀይ ሰም ተቀብቶ ያብለጨልጫል፤ ቆርቆሮውና ጨርቁ አልጋው ሥር ተገፍተዋል። ሰም የሌለው ከበሩ እስከ መስኮቱ የተነጠፈው ጋዜጣ ላይ ብቻ ነው። ጋዜጣው ተሸብሽቧል፤ አንድ ቦታ ላይ ተቀዷል። በመደርደሪያው ላይ ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው የወሊድ መዝገቦች ተሰልፈዋል። ከመካከል የሦስቱ ቦታ ባዶ ነው፤ የቀሩት ወደ ክፍተቱ ዘንበል ብለዋል።

ስትመለስ ከእትዬ ሽርጥ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የአቤቱታው አንድ ገጽ ቅጂ ነው፤ ሃያ ስም፣ ሃያ ፊርማ። አንዱ ስም በእርሳስ ተከቧል። ከጎኑ በእትዬ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «ይህች አላለቀሰችም።»

አናጢው ምድር ቤቱን ተከራይቶ የሚሠራ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው። በክፍት ነጠላ ጫማ ቆሞ እጁ ላይ መላጊያ ይዟል፤ የሚልገው እንጨት ግን የለም።

«ሥራ ላይ ሳለህ ምንም አልሰማህም?»

«መጋዙ ሲዞር ቤቱ ቢፈርስም አልሰማም። የእህታቸው ልጅ ግን ሦስት ሰዓት ላይ መጥቶ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ‹እትዬ፣ ይቅርብዎ አይሂዱ› ይላል። ‹ውጣልኝ› አሉት።»

«ከኮሚቴው እላይ ማን ይወጣል?»

«እሑድ እሑድ ሦስታችንም የኮሚቴው ሰዎች። እኔና ፉጨት ካርታ እንጫወታለን፤ እሱ ይሰርቃል፣ እኔ ዓይቼ እንዳላየ እሆናለሁ። ዶክተሩ ጨዋታ አይወድም፤ የሰፈሩን ታሪክ እጽፋለሁ እያለ መዝገብ ያገላብጣል። እትዬ ደግሞ ጫማውን ሳያወልቅ የሚገባ ሰው አይወዱም። በወለላቸው ቀልድ የለም።»

ወረቀቱን አሳየችው። «ይቺን ታውቃታለህ?»

መላጊያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ስሙን አነበበው፤ የአባትየውን ስምም። 

«እህቴ ናት።»

«የት ትኖራለች?»

«የትም። ከእኔ በፊት ነው የተወለደችው፤ ሞታ ነው የተወለደችው። እናቴ ግን ስም አውጥታላት ነበር፤ እትዬም እናቴ እንዳትከፋ ብለው መዝገባቸው ላይ ጻፉላት። እናቴም አልፋለች። ስሟን የሚያውቅ ከእኔና ከእሳቸው ሌላ የለም።» ጣቱን ፊርማው ላይ አሳረፈ። «ማነው በእሷ የፈረመው?»

«ለጊዜው ለማንም አትንገር» አለች መርፌ።

ፋርማሲስቱ ጠረጴዛውን ተደግፎ ጠበቃት። ነጭ ጋዋኑ ተተኩሷል፤ ጫማው ተወልውሏል።

«ሰፈሩ ምሰሶውን አጣ» አለ። «አሁን የሚያሳስበኝ ሕዝቡ ነው። ልጁን ከዚህ አርቁት፤ ቢያገኙት አያተርፉትም።»

«እሱ ነው ይላሉ?»

«እኔ ሰው በሐሜት አልከስም። አደጋም ሊሆን ይችላል። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ደረጃ... ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ዛሬም እንግዳ ይመጣል ብለው ሰም ሲቀቡ ነው ያረፈዱት። እግር ሲያንሸራትት ጊዜ አይሰጥም።»

«እርስዎ ዛሬ እላይ ወጥተው ነበር?»

«ኧረ እኔ ካለፈው እሑድ ወዲህ ደረጃውን አልረገጥኩም። ፉጨት ሲጠራኝ ነው የሄድኩት፤ እሱም እስከ ታች።»

«ፊርማውን የሰበሰበው ማን ነበር?»

«ሁላችንም በየበኩላችን። አጠናቅሬ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ፤ ጸሐፊ አይደለሁ?»

የእህታቸውን ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ነው ያገኘችው፤ በራሱ እግር ሄዶ ተቀምጧል። የመንገዱ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው። እስከ ባቱ የታሰረው ወፍራም የሥራ ጫማው በጭቃ ተለውሷል።

«ለምን ‹አይሂዱ› አልካቸው?»

«የእኛ ቢሮ ፊርማዎቹን ከነዋሪ መታወቂያ ጋር እያመሳከረ ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው ስም ሰፈር ውስጥ የለም። በአዳራሹ ፊት ‹አጭበርባሪ› እንዳይሏቸው ብዬ ነው። እውነት መስሏቸው ነው እኮ የያዙት። አንድ ገጽ ቅጂ ሰጠኋቸው። ከዚያ አባረሩኝ።»

«ተመልሰህ አልመጣህም?»

«መጥቻለሁ፤ አምስት ተኩል ላይ። አንኳኳሁ፣ መልስ የለም። አኩርፈውኛል ብዬ ተመለስኩ።» አንገቱን ደፋ። «ያኔ ገፍቼ ብገባ ኖሮ...»

«ያኔ አልፈው ነበር» አለችው። ያንን ያህል ብቻ ነው ልታጽናናው የቻለችው።

ስምንት ሰዓት ላይ አራቱንም በአናጢው ሥራ ቤት ሰበሰበቻቸው። ውጭ ሰዉ ጨምሯል። ልጁ በሁለት ፖሊስ መካከል ሲገባ ከኋላው አንድ ድንጋይ በሩን መታው። አናጢው በሩን ዘግቶ ጀርባውን አስደገፈው።

«እትዬ ዛሬ ጠዋት አንድ ወረቀት ደረሳቸው» ብላ ጀመረች መርፌ። «የአቤቱታው ገጽ ነው። ሲያነቡት በእጃቸው የተቀበሏትን፣ ትንፋሽ ያልነበራትን ልጅ ስም አገኙ። ያቺ ልጅ ፈርማለች። ስሟ የሰፈረው በአንድ መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው፤ በእሳቸው መዝገብ። ስለዚህ ፊርማው የጎደለበት ሰው ስሞቹን ከዚያ ገልብጦ በየስሙ ፈርሟል። እትዬ ሦስቱን መዝገብ አውርደው ከሙሉው አቤቱታ ጋር ስም በስም ሲያመሳክሩ ቆዩ። ከአምስት ሰዓት በኋላ ያ ሰው መጣ። ሕዝቡ ሁሉ ማሽኑ ዘንድ ስለነበር በቅያሱ ሲገባ ያየው የለም።»

«ይኼው ልጅ ነዋ» አለ ፋርማሲስቱ በእርጋታ።

«የመጣው ሰው ጭቃ ረግጧል፤ ደረጃው ላይ ግን ጭቃ የለም። ጫማውን ምንጣፉ ላይ አውልቆ ነው የወጣው። የቤቱን ወግ የሚያውቅ፣ ተቆጥቶ ሳይሆን እንደ ወዳጅ የመጣ ሰው። ምንጣፉ ላይ የቀረው ቅርጽ ለስላሳ ሶል ነው። የልጁ ጫማ ጥርስ አለው፤ የፉጨትም እንደዚያው። አናጢው በነጠላ ጫማ ነው።»

ፉጨት ቀስ ብሎ ከፋርማሲስቱ አንድ እርምጃ ራቀ።

«እኔ ለአስከሬኑ ስጠራ ገብቻለሁ» አለ ፋርማሲስቱ። «የእኔ ጫማ አሻራ መኖሩ ምን ይደንቃል?»

«አሻራዎማ ወለሉ ላይ አለ። ለአስከሬን የተጠራ ሰው ግን ጫማ አውልቆ ጥግ ላይ አያስቀምጥም። ሌላም ነገር አለ። እትዬ ዛሬ ሰም መቀባታቸውን እርስዎ ነግረውኛል። ሰሙ ያለው ላይኛው ቤት ብቻ ነው፤ ደረጃው ምንም አልተቀባም። ከእኔ በፊት ፉጨትም ሌላም ሰው ወደ ላይ አልወጣም። እርስዎ ካለፈው እሑድ ወዲህ ካልወጡ ማን ነገረዎት?»

ፋርማሲስቱ ወደ በሩ ተመለከተ። አናጢው ከበሩ አልተነቃነቀም።

«ጫማዎን ያውልቁልኝ፣ ዶክተር።»

አላወለቀም። ነገሩን ለመጨረስ አናጢው ራሱ ተንበርክኮ ፈታለት። ካልሲው ነጭ ነው፤ አዲስ፣ የመደብር እጥፋቱ ገና ያልጠፋ። መርፌ ጫማውን ወደ መብራቱ አዘነበለችው። የውስጡ ገበር ከተረከዝ እስከ ጣት ቀይ ሰም ነው።

«ካልሲ ይቀየራል» አለች። «የጫማን ሆድ ግን ማን ያስታውሳል።»

ፋርማሲስቱ በካልሲው ቆሞ ጫማውን አየ።

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነበር ያገኘነው» አለ። «ሦስት ወር ሙሉ በር አንኳኩተን። ሰዉ ይፈራል። ሺህ ካልሞላ ሁላችንም ሜዳ ላይ ነን። እኔ ያደረግሁት ለሰፈሩ ብዬ ነው። እሳቸው ግን ‹ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናገራለሁ› አሉ። እስር ቤት እንደምገባ እያወቁ። መዝገቡን ልቀማቸው ብዬ ሳብኩ፤ ተከትለውኝ እስከ ደረጃው አፍ መጡ፤ አልለቅም አሉ። ገፋኋቸው። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ከዚያ ተራምደዋቸው ሄዱ» አለች መርፌ። «ጫማዎን አድርገው። ልጁ ሲታደንም ዝም አሉ።»

«መዝገቦቹ የት ናቸው?» አለ አናጢው። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለ።

«ከመድኃኒቱ መደርደሪያ ሥር።»

አንድ ፖሊስ ሄዶ አመጣቸው። አናጢው መጀመሪያ የእህቱን ገጽ ፈልጎ አገኘ፤ እጁን አሳርፎበት ቆየ። ልጁ በሌላኛው መዝገብ ውስጥ የአክስቱን ጽሕፈት የያዘ ወረቀት አየ። ለዘጠኝ ሰዓት ያዘጋጁት ንግግር ነው፤ የቀድሞው ሁሉ ተሰርዞ ከሥሩ ዛሬ የተጻፈ። ጮክ ብሎ አነበበው።

«ሺህ ስም አላመጣንም። ከሺሁ ብዙው የእኔ ሙታንና ከዚህ የሄዱ ልጆች ናቸው፤ ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የፈረምነው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነን። ጥቂት ነን፤ ግን አለን። ቤታችንን ከማፍረሳችሁ በፊት በራችንን አንኳኩ።»

መርፌ በሩን ከፈተችና ለሽማግሌው የሆነውን ነገረችው። ፋርማሲስቱን በሁለት ፖሊስ መካከል ሲያወጡት ማንም እጁን አላነሳም። እንዲህ ያለ ነገር ማንም አልጠበቀም ነበር፤ የግማሹን ልጅ ከሳል የፈወሰው እሱ ነው። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ጭቃው ውስጥ ሲወድቁ ተሰማ። አናጢው ወረቀቱን ይዞ ከፊት፣ የእህታቸው ልጅ ከጎኑ፣ ሰፈሩ ከኋላቸው ሆኖ ወደ አዳራሹ ተጓዘ።

አናጢው ወረቀቱን በአዳራሹ ፊት አንብቦ ሲጨርስ፣ የስብሰባው ሊቀመንበር አቤቱታው ሺህ ስለማይሞላ ጉዳዩ ይዘጋል ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ግን ወንበሩ አልበቃ ብሎ ሰዉ በግድግዳው ዙሪያ፣ በመተላለፊያው፣ በደረጃው ላይ ቆሟል። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አወለቀ።

«እነዚህ ሁሉ የፈረሙት ናቸው?»

«አዎ» አለ አናጢው።

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም መጥተዋል?»

አናጢው ዞር ብሎ ሰዉን አየ።

«ሰብሳቢያችን ብቻ ቀርተዋል» አለ።