ባዶው ጥሩር

«ሰውየውስ የታለ?»

እማማ ጠጂቱ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ጠየቁ።  መቅደስ ከጣውላ ላይ ፈልፍላ በጥቁር ቀለም ያተመችው፣ ሳሙራይ የሚባለው የጥንት የጃፓን ተዋጊ የሚለብሰው የብረት ጥሩር ነው፤ አስተማሪዋ ካሳየቻቸው የድሮ ጃፓኖች ህትመት አይታ የሠራችው። ብረቱ በሐር ገመድ ረድፍ በረድፍ ተያይዞ፣ ራስ ቁሩ ከላይ ተደፍቶ፣ ልክ እንደ ሰው ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ውስጡ ግን ማንም የለም።

«አርት ነው እኮ፣ እማማ! ዛሬ ካላስገባሁ ዜሮ ነው የምትሰጠኝ።»

«የለቅሶ ነው እንጂ! የወታደር ልብስ ባለቤቱ ሳይኖር የሚዘረጋው አልቃሽ ፊት ነው። ደግሞ ትምህርት ቤት ሊሰቀል! ልጄን በቁሙ ልትቀብሪብኝ ነው?»

ልጃቸው ደረጄ የመቅደስ አባት ነው። እሱ የነበረበት ጦር ከተበተነ አራት ዓመት ሆነው፤ ሞቷል ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። እናቷ በተሰደዱበት ከተማ ዳር፣ ኢቶቢኮ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውላ ስትመለስ ስለ እሱ ትንፍሽ አትልም። እማማም ስሙን የሚያነሱት በጸሎት ብቻ ነው። መቅደስ ከዚያም አስቀድሞ ስትለየው ገና አራት ዓመቷ ነበር። ጉንጯን የኮሰኮሳት ካፖርቱ ትዝ ይላታል። ፊቱ ጋ ስትደርስ ጨለማ ነው።

ጣውላውን ሳበች። ከራስ ቁሩ ሥር ያለውን አልፈለፈለችውም ነበር፤ ለዚህ ነው ጠቁሮ የታተመው። መሮዋን አነሳች።

«እማማ፣ ዓይኑ እንዴት ነበር?»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ነቀሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ግራው ጠበብ ይላል። ሲስቅማ ጭራሽ ይጠፋል። በልጅነቱ ስንቴ ቆንጥጬዋለሁ፣ የሚያሾፍብኝ እየመሰለኝ!» አሉ።

መቅደስ ፈለፈለች። ቀለም ቀባች፣ ወረቀት አለበሰችው፣ ጀርባውን በማንኪያ አሸችና ገለጠችው። ሁለት ነጭ ዓይኖች ወጡ፤ ግራው ጠበብ ያለ።

እማማ በሁለት እጃቸው ተቀበሏት።

«ምነው እንዲህ ከሳህ?» አሉት ወረቀቱን። «ይሄ ሁሉ ብረት ምን ያደርግልሃል? አይከብድህም?»

መቅደስ በትከሻቸው ላይ አሻግራ አየችው። አየችው፣ አየችው። የማታውቀው ሰው ነበር።

ካፖርቷን ለበሰች። ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የመጀመሪያውን ህትመት፣ ባዶውን ጥሩር፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሌላ ቀን ቢሆን እማማን ሳትስም፣ «ደህና ይዋሉ» ሳትል አትወጣም።

እማማ ጠጂቱ ግን ከወረቀቱ ጋር ገና እያወሩ ነበር። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።